አራት ሰዓት መሄጃ፣ ሃያ ሰዓት መመለሻ

ጆሮ ያለህ ስማ፤ የሌለህ ከጎረቤትህ ተውሰህ ስማ። ስለ ነገሥታት ተጽፎ ተጽፎ ቀለሙ ባለቀበት፣ ስለ ጄኔራሎች ተዘምሮ ተዘምሮ ጉሮሮ በደረቀበት በዚህ ዘመን፣ ሰማይን በጨርቅ መለኪያ ሊለካ የተነሣ አንድ ልብስ ሰፊ መኖሩን ለሩቅም ለቅርብም እናስታውቃለን። ግዛቱ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል ናት። ሠራዊቱ ሁለት የስፌት መኪና ሲሆን አንዷ አንካሳ ናት። ግምጃ ቤቱ ድሮ የወተት ዱቄት የነበረበት፣ ዛሬ አዝራር የሞላው ጣሳ ነው። ዘውዱን አንገቱ ላይ ነው የሚያጠልቀው፤ ቢጫ ነው፤ ጫፉ ተበልቶ ከሦስተኛው ሳንቲ ሜትር ይጀምራል። በዚሁ ዘውድ የተነሣ ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሩ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከራሷ በቀር የሚያስታውስ የለም፤ እሷም ስትቆጣ ብቻ ነው የምትጠራው።

ሜትሩ አንድ ሃይማኖት አለው፤ ሌላ ሰው የለካውን አያምንም። ደንበኛ ከሌላ ሰፊ ቤት የተለካበትን ወረቀት ይዞ ቢመጣ፣ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ እንደ ሞተ አይጥ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሸኘዋል። ሌላው ሰፊ ሁለቴ ለክቶ አንዴ ይቆርጣል፤ እሱ አስር ጊዜ ለክቶ አስራ አንደኛውን ያስባል። በዚሁ መንገድ ሦስት ሴቶችን ለትዳር አይቶ፣ ለክቶ፣ አስቦ፣ ሳይቆርጥ ሦስቱም ሌላ አግብተው ወለዱ። የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ልብስ የሚሰፋው እሱ ነው። ስለዚህ በአርባ አራት ዓመቱ ከእናቱ ጋር፣ ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ይኖራል።

እናቱ ሌላ ፍጥረት ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ድንች ስትመዝን ኖራለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰው ግን ቆጥራ ጨርሳለች። ሚዛኗ ሁለት ሳህን የተንጠለጠለበት ዓይነት ነበር፤ አንዱ ሳህን ከወንድሙ ይከብድ ስለነበር ገበያተኛው ሁሉ ሲያማው ነው የኖረው። እሷን ግን ያማት ሰው የለም፤ ለምን እንዳልታማች ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ገበያው በሞቀበት በአንድ ከሰዓት፣ እዚያው ሚዛኗ ላይ ተደፋች። የሚጥል በሽታ መሆኑን ሐኪሙ ተናገረ። አንድ የፊት ጥርሷ ረገፈ። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘላት፤ በየስድስት ሰዓቱ አንድ፣ ቀንና ሌሊት። «በየስድስት ሰዓቱ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመረበት። እንዳትረሺ፣ እንዳትደርቢ አላት፤ ብትዘገዪ ትወድቂያለሽ፣ ብትደርቢ ደግሞ ከተኛሽበት አትነሺም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጎረቤት ለቅሶ ሄዳ ሁለት ሰዓት ዘገየች፤ ደረጃው ላይ አገኟት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የሚተዳደረው በኪኒኑ ነው። ጠዋት አስራ ሁለት፣ ቀን ስድስት፣ ማታ አስራ ሁለት፣ ሌሊት ስድስት።

ቁጥር ስለማታነብ የራሷን ዘዴ አበጅታለች። ከሞተው ባሏ የቀረ፣ በእጅ የሚጠመዘዝ የወንድ ሰዓት አላት። አጭሯ ቀስት ቀጥ ብላ ወደ ላይ ከቆመች ወይም ቀጥ ብላ ወደ ታች ከወረደች ኪኒኗን ትውጣለች። ካጋደለች አትውጥም። ይኸው ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሐኪም፣ መድኃኒት ሻጭና ልብስ ሰፊ ተሰብስበው ከዚህ የተሻለ ነገር አልፈጠሩም።

እንግዲህ የሜትሩ ታናሽ እህት ባሕር ማዶ ናት። አግብታ፣ አርግዛ፣ ወሯ ገብቶ «እማዬ ካልመጣች አልወልድም» አለች። እንደዚያ ማለት የሚቻል ይመስል። ትኬት ቆርጣ ላከች። እናትየውም በዚያው ቀን ልጇን አስማለችው፤ እህትህ ስለ በሽታዬ አንዳች ነገር እንዳትሰማ፤ በሆዷ ይዛ ስትጨነቅ አንድ ነገር ብትሆን በአንተ ነው። ማለ። መማሉ ራሱን ያሠረበት ገመድ መሆኑ የገባው ትኬቱን ዘርግቶ ሲያነብ ነው።

ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ እናቱ ሰማይ ላይ ስንት ሰዓት ትቆያለች? ስንት ኪኒን በእጇ ትያዝ፣ መቼስ ትዋጠው? ሻንጣው እንደሆነ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ደመና ላይ ሆኖ ሻንጣ አውጡልኝ አይባልም።

ትኬቱ እንዲህ ይላል። መሄጃ፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነሥቶ፣ በዚያው ዕለት ቀን ስድስት ሰዓት ይደርሳል። መመለሻ፦ ከቀኑ አስር ሰዓት ተነሥቶ፣ በማግስቱ ቀን ስድስት ሰዓት ይደርሳል። ሜትሩ በጣቱ ቆጠረ። መሄጃው አራት ሰዓት። መመለሻው ሃያ ሰዓት። እንደገና ቆጠረ። አስር ጊዜ ቆጠረ። ያው አራት፣ ያው ሃያ። አውሮፕላኑ አንድ፣ ሰማዩ አንድ፣ ሁለቱ ከተሞችም ካሉበት ንቅንቅ አላሉም።

ትኬቱን ይዞ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ገባ። ይህ ፀጉር አስተካካይ አውሮፕላን የሚያውቀው ከሥር ሆኖ ሲያንጋጥጥ ነው፤ ነገር ግን የሚስቱ ወንድም አውሮፕላን ማረፊያ ወለል ያጸዳ ስለነበር፣ በሰፈሩ የበረራ ጉዳይ ሁሉ ወደ እሱ ይመራል። ትኬቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘና፣ የደንበኛውን ግማሽ የተላጨ ጭንቅላት ትቶ አሰበ።

«ግልጽ ነው» አለ። «ወደዚያ ቁልቁለት ነው። ወደዚህ ዳገት ነው።»

ሜትሩ ሰማይ ላይ ዳገት ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን በፎጣ እየጠረገ፣ አየርም እንደ ውኃ መውረጃ አለው አለው። ትኬቱ ግርጌ ላይ በደቃቃ ፊደል «ሰዓቶቹ ሁሉ የየአካባቢያቸው ናቸው» የሚል ተጽፎ ነበር፤ ሜትሩ ይህንንም አሳየው። ፀጉር አስተካካዩ አንብቦ፣ ያካባቢው ሰው ተስማምቶ የተቀበለው ሰዓት ማለት ነው፣ ክርክር እንዳይነሣ ነው የሚጽፉት አለ። ግማሽ የተላጨው ሰውዬ እንኳ በመስታወቱ ውስጥ ራሱን ነቀነቀ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መልሱ እዚያው እጃቸው ላይ ነበር። ሁለት ሰዎች አነበቡት፤ አንዱም አላየውም።

በፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ፀሐይ ያጠወለገው የዓለም ካርታ ተለጥፏል። ሜትሩ ዘውዱን ከአንገቱ አውልቆ ከከተማ ወደ ከተማ ዘረጋው። ሠላሳ አራት ሳንቲ ሜትር፤ የተበላውን ሦስት ሲቀንስ ሠላሳ አንድ። አንዷ ሳንቲ ሜትር አምስት መቶ ኪሎ ሜትር መሆኗ ጥግ ላይ ተጽፏል። አስራ አምስት ሺ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር። ይህን በጠመኔ መዳፉ ላይ ጽፎ ወደ ትኬት ቢሮው ሄደ።

የትኬት ቢሮዋ ልጅ መስታወት ጀርባ ተቀምጣ ማስቲካ ታኝካለች። ርቀቱን ጠየቃት፤ ማሽኗን ነካ ነካ አድርጋ አስር ሺ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር አለችው። መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። አራት ሺ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር የት ገባ ብሎ በትሕትና ጠየቀ። ጉድለቱ ከማን ኪስ እንደወጣ የሚጠይቅ ኦዲተር ይመስል ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ትኬት ነው የምሸጠው» አለችው። «መንገዱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም።»

ሃያ ዓመት ሙሉ የነጋዴ ቦርጭ ሲለካ የኖረ ሰው፣ ክብ ነገር ላይ የተጠመጠመ ሜትርና ጠፍጣፋ ጨርቅ ላይ የተዘረጋ ሜትር እንደማይስማሙ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት። ምድርም ቦርጭ አላት። እሱ ግን ቦርጯን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ለካት። ልጅቷ ልትገላገለው ብላ፣ አውሮፕላኑ በሰዓት ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሄድ ጨምራ ነገረችው። አስር ሺ ስምንት መቶ፤ በሰዓት ዘጠኝ መቶ። ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ እየዘለለ የሚያካፍለው ነው። ሜትሩ ግን አላካፈለም፤ ሌላ ሰው የለካው ነዋ። የኪኒኑን ነገር ሲያነሣ ሐኪም ጠይቅ አለችው። ክሊኒክ ሄደ፤ ሐኪሙ ፈቃድ ላይ ነበር። የመድኃኒት መስኮቱ ላይ ያለው ሰው፣ ይሄ የበረራ ጉዳይ ስለሆነ ትኬት ቢሮ ጠይቅ አለው። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው።

እህቱን መጠየቅ ብቻ ቀርቶት ነበር። ስለ በሽታው ሳያነሣ፣ ደወለና መንገዱ ይረዝማል ወይ አላት። ሳቀች። ጠዋት ተነሥታ ለምሳ ትደርሳለች አለችው። አንቺ ስትሄጂ ስንት ሰዓት ተቀመጥሽ ቢላት፣ ሲያስታውካትና ስትተኛ እንደደረሰች፣ ስለ ሰዓቱ ምንም እንደማታውቅ ነገረችው። «ደግሞ አንተ ምን አስጨነቀህ፣ የምትበረው አንተ አይደለህ» ብላ ዘጋች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሜትሩ ወደ ትኬቱ ተመለሰ። ለእናቱ ከዓመታት በፊት የገዛው ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ጨርቅ ነበር፤ ካፖርት ሊሰፋላት አስቦ አስቦ ሳይቆርጥ የቀረው። አሁን ቆረጠ። በሕይወቱ አንድ ነገር ለክቶ ወዲያው ሲቆርጥ የታየው ያን ዕለት ነው። ሐሳቡ ደግሞ ያምር ነበር፤ በካፖርቱ ገበር ውስጥ፣ ልብ አጠገብ፣ ለእያንዳንዷ ኪኒን አንዳንድ ትንሽ ኪስ፣ በአዝራር የምትዘጋ። ለመሄጃው አንድም ኪስ አላስፈለገም። ጠዋት አስራ ሁለት ላይ እዚህ ትውጣለች፣ ቀን ስድስት ላይ እዚያ ልጇ ቤት ትውጣለች፤ አራት ሰዓት ምን አላት። ለመመለሻው ሃያ ሰዓት ስለሆነ ሦስት ኪስ። ሦስቱን በግራ በኩል አሰናድቶ ሰፋ፤ ቀኙን ባዶ ተወ።

ከዚያ ተጠራጠረ። ተረተረው። አንድ በቀኝ ጨመረ። እሱንም ተረተረ። ገበሩ የወንፊት ያህል ተበሳሳ።

መንገዱ ሁለት ቀን ሲቀረው እናትየው ካፖርቱን ልትለካ መጣች። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ተደግፎ ነበር። ካፖርቱን ገልብጣ ገበሩን አየች፤ ግራውን አየች፤ ባዶውን ቀኝ አየች። ይሄ ምንድነው አለች። ሜትሩ መሄጃውን አራት፣ መመለሻውን ሃያ ብሎ አስረዳ፤ ፀጉር አስተካካዩ ቁልቁለቱንና ዳገቱን አከለበት። እሷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ገበያ ውስጥ ሌባ ሲምል የምታዳምጠው እንደዚያ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ሜትርህ ጫፍ የለውም» አለችው። «ምን ታደርጋለህ?»

«ሦስት እቀንሳለሁ።»

«የኔስ ሚዛን? አንዱ ሳህን ከባድ ነበር። ሽንኩርቱን በዚህ ሳህን እመዝነዋለሁ፣ አገላብጬ በዚያ እመዝነዋለሁ፣ ደምሬ ለሁለት እከፍለዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ማንም አላማኝም። ይሄም ወረቀትህ ያጋደለ ሚዛን ነው። በአንድ ወገን አራት አለህ፣ ስታገላብጠው ሃያ አለህ። ሃያ አራት። ለሁለት ስንት ነው?»

ፀጉር አስተካካዩ በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

«አስራ ሁለት» አለች። «ሁለት ኪስ ስፋልኝ። ሲሄድም ሁለት፣ ሲመለስም ሁለት።»

ፀጉር አስተካካዩ «እንዴ እትዬ፣ አውሮፕላን እኮ ሽንኩርት አይደለም» ብሎ ለመቀለድ ሞከረ። እሷም አዎ፣ ሽንኩርት ቢሆን ኖሮ አንተን ያስለቅስህ ነበር አለችው።

ሁለት ኪስ ተሰፋ። ልብ በል፤ ሜትሩ አመነ አላልኩም። ታዘዘ ነው ያልኩት። እነዚያ አራትና ሃያ የሚሉ ቁጥሮች ጭንቅላቱ ውስጥ እንደ ሁለት ዝንብ ይዞሩ ነበር፤ አንዱን ሲያባርር ሌላው ያርፋል። ሚዛኑን ያዛባው ምንድነው? ያን የሚነግረው አልነበረም። እናቱም አታውቅም፤ እሷ ሳህኑ ለምን እንደከበደ ጠይቃ አታውቅም፣ መክበዱን ማወቋ በቃት። ልዩነታቸው እዚያ ላይ ነው። አንዷ ከጉድለት ጋር መኖር ታውቃለች፣ ሌላው ጉድለቱን ሲፈልግ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

የመንገዱ ዕለት አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ወለሉ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። የፀጉር አስተካካዩ አማች እንዳጸዳው አይጠረጠርም። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እናትየው ሰልፍ መካከል ቆማ ቀስቷን አየች፤ ቀጥ ብላለች። ኪኒኗን ልጇ ፊት ዋጠች። ሁለቱ ገበሩ ውስጥ ተቆልፈዋል፤ የቀረው ኪኒን በሻንጣው ውስጥ ነው፣ በካልሲ ተጠቅልሎ። ሁሉም ነገር ልክ ነበር። ሜትሩ እዚህ ላይ እጁን አጣጥፎ ቢቆም ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር።

ግድግዳው ላይ ሰዓቶች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር የከተማ ስም አለ። ሜትሩ አንጋጦ እናቱ የምትሄድበትን ከተማ ፈለገ። እዚህ አስራ ሁለት ከአስር ደቂቃ ነው። እዚያ አራት ከአስር ይላል። ተበላሽቶ ይሆን ብሎ ሌሎቹን አየ፤ ሁሉም የየራሱን ይላል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለለት፤ እዚያ አገር ሰዓታቸው ሌላ ነው። ብልጭታው ግን ግማሽ መንገድ ሄዶ ጠፋ። ስለ አራቱና ስለ ሃያው ምንም አላሰበም። ያሰበው ስለ እናቱ ነው፤ ምስኪን፣ በሌላ አገር በተሳሳተ ሰዓት ልትዞር ነው። ለሚያድግ ልጅ እጅጌ ተርፎ እንደሚሰፋ፣ ሰዓቷንም ለምትደርስበት አገር አስተካክሎ ቢልካት ምን አለበት?

«እማ፣ ሰዓትሽን ልጠምዝዝልሽ» አላት። አውልቃ ሰጠችው። ጀርባውን ሰጥቶ አራት ከአስር ላይ አደረገው። መልሶ ራሱ አሠረላት። ግንባሩን ሳመችው፤ እህትህ ምንም እንዳትሰማ ብላ በጆሮው ደገመችለትና በመስታወቱ በር ገባች። ካፖርቱ ከኋላ በጣም ልክ ነበር። ያየውም ካፖርቱን ብቻ ነው።

ሱቁ ተመልሶ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ሁለት ሰዓት ሣለ፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእናቱ። በየጊዜው ቀስቶቹን በጣቱ እየደመሰሰ ያንቀሳቅሳል። ደንበኛ ሲመጣ ጠረጴዛው ሥራ ላይ ነው ይላል። ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ፀጉር አስተካካዩን ጠርቶ፣ አሁን እማዬ የመጀመሪያዋን ከኪሷ አውጥታ ትውጣለች ብሎ በኩራት አሳየው። የእሱ ሰዓት ቀስት ቀጥ ብላለች።

ፀጉር አስተካካዩ ሁለተኛውን ሥዕል አየ። «የሷ ግን አጋድላለች» አለ።

አስር ሰዓት ላይ ነበረች። ሜትሩ ጠመኔውን አስቀመጠ። እናቱ የምትውጠው ቀስቷ ቀጥ ስትል ነው፤ ቀስቷ ደግሞ እሱ ያዛወራት ቀስት ናት። ታዲያ ያቺ ቀስት ቀጥ ያለችው መቼ ነበር? ወደ ኋላ ቆጠረ። አስር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ። አውሮፕላኑ ጎማውን ከመሬት ሲያነሣ። ማለት የአስራ ሁለት ሰዓቱን ከዋጠች ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ እሱ በሠራላት ኪስ፣ እሱ ባዛባባት ሰዓት፣ ሁለተኛውን ደርባለች።

ብትደርቢ ከተኛሽበት አትነሺም።

እዚህ ላይ ልስቅበት ነበር፤ ብዕሬ እምቢ አለኝ። ሰውዬው በካልሲው ወጣ። መለኪያው አንገቱ ላይ እንዳለ፣ መንገዱን በመኪናዎች መካከል ሰንጥቆ ትኬት ቢሮ ደረሰ። ማስቲካ የምታኝከዋን ልጅ፣ ለአብራሪው ደውላ ለእናቱ ሰዓቷን እንዲመልስላት እንድትነግርለት ለመናት። ልጅቷ ማኘኳን አቆመች። ታማለች ወይ ብላ ጠየቀችው። ታማለች ካለ፣ አለችው፣ መልእክት ይላካል፤ እዚያ ሲደርሱ አምቡላንስ ይጠብቃል፣ የሚቀበላት ቤተሰብም ይጠራል።

የሚቀበላት ቤተሰብ ማለት ሆዷ እስከ አፍንጫዋ የደረሰ እህቱ ናት። መሐላው ትዝ አለው። መስታወቱ ላይ እጁን አሳርፎ ቆመ። ከኋላው ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ጠዋት ሁለት ሰዓት የዋጠችውን አሁን ማን ያወጣዋል ብሎ አሰበ፤ ደግሞ ተኝታ ከሆነ ማን ይቀሰቅሳት ብሎ አሰበ፤ ደግሞ እህቱን አሰበ። ይህ አንዱን መለኪያ በሌላው መለካት የማይቻልበት ነገር ነበር።

«ታማለች» አላት በመጨረሻ።

ልጅቷ ጻፈች። ጻፈችና ማሽኗ መልእክቱን ተቀበለ ወይም አልተቀበለም፤ «በመጠባበቅ ላይ» የሚል ቃል መጣ። በመጠባበቅ ላይ እያለ ቢሮው ተዘጋ። ሜትሩ ለመሐላውም ለእናቱም ሳይሆን፣ ሁለቱንም ከዳ።

ማታ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጮኸ። ፀጉር አስተካካዩ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፤ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ትቶ።

እህቱ ናት። ድምጿ የተቆጣ ነው። «ምን አድርገህ ነው የላክሃት?»

ሜትሩ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ሰዓቷን ላስተካክልላት ብል እጄን መታችኝ። እዚህ ቀን ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፣ የሷ ማታ ሦስት ይላል። ልጅሽ ነካክቶ ነበር፣ መለስኩት ነው የምትለው። ምንድነው ነገሩ?» ስለ አምቡላንስ ምንም አላነሣችም። በመጠባበቅ ላይ ያለው እስከ ዛሬ በመጠባበቅ ላይ ነው።

ስልኩን ለእናቱ ሰጠችለት። ከጀርባዋ የአዳራሽ ማስተጋባትና የሻንጣ ጎማ ይሰማል። እናቱ እህቱ እንደምትሰማ ስለምታውቅ ቃሏን መረጠች።

«ሚዛኔን ሰው ሲነካ አላውቅም መሰለህ?» አለችው። «ጀርባህን ስትሰጠኝ ነው የገባኝ። እንዳላስቀይምህ ዝም አልኩ። በሩን አልፌ ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ ጠይቄ አስመለስኩት።»

«እማ፣ ታዲያ...»

«ሁለቱም ኪስ ባዶ ነው» አለችው። «ቀጥ ባለች ቁጥር። አሁን አርፈህ ተኛ።»

ሜትሩ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ፤ ፀጉር አስተካካዩ ፎጣ አቀበለው፣ የፀጉር ፍርፋሪ ያለበት። ሲረጋጋ አንድ ነገር ጠየቃት፤ እዚያ ምን በልተው እንደሆነ። ገና ምሳ ልንበላ ነው አለችው። የዛሬን ምሳ? የዛሬን። እሱ ራቱን በልቶ ነበር። ደህና ሁኚ ብሎ ዘጋና ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ሁለቱን የጠመኔ ሰዓቶች እያፈራረቀ ሲያይ ቆየ።

እስከ ዛሬም ያያቸዋል። እህቱ ወለደች፤ እናቲቱ ከሁለት ወር በኋላ ትመለሳለች። ሜትሩ ለመመለሻው ሌላ ካፖርት ጀምሯል፤ ሦስት ኪስ ይሁን ሁለት አልወሰነም። እናቱ ሁለት ብላለች፤ ትኬቱ ሃያ ይላል፤ ፀጉር አስተካካዩ ከዚያ ምሽት ድንጋጤ ባገገመ በሦስተኛው ቀን ወደ ዳገቱ ተመልሷል። ጨርቁ ተዘርግቷል፣ መቀሱ ላዩ ላይ ነው፣ አልተቆረጠም።

ስለዚህ አንተ ትምህርት ጨርሰሃል የሚሉህ አንባቢ፣ እስካሁን በሰውዬው ስትስቅ የቆየህ፣ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ከእነዚያ ሁለት የጠመኔ ሰዓቶች የቱ ልክ እንደሆነ ሄደህ ንገረው፤ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ብቻ ከመግባትህ በፊት ደፉ ላይ ቆም በልና፣ የገዛ እናትህ የምትውጠው ነገር ካለ፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሆነ፣ የመጨረሻውንም መቼ እንደዋጠች፣ እባክህ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ።